ከሁሉም ዘመን የተመረጡ አሥራ አንድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ክፍላችን የተረከበው ሥራ ቀላል መስሎን ነበር። ይኸውም ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ካሰለፈቻቸው የእግር ኳስ ተጫዋቾች መካከል አሥራ አንዱን መርጠን በሰሌዳ ላይ እንድንጽፍ ነው። ዳሩ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራክረን፣ ሁለት ጓደኞቻችንም ተኳርፈው፣ ሰሌዳው የሞላው ገና ትናንት ማታ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ያላየነውን ሰው እንዴት እንመርጣለን የሚል ነበር። በቴሌቪዥን ያየናቸውን ሳላዲን ሰይድንና አዳነ ግርማን ማንም አልተቃወመም። ከእነርሱ በፊት ስለ ነበሩት ግን የምናውቀው ስም ብቻ ነው። መርካቶ ከአጥራችን ውጭ ነውና፣ ከትምህርት በኋላ ወደ ሸማ ተራ ወርደን አንድ አዛውንት ነጋዴ ጠየቅን። እርሳቸውም ጋቢ ማጣጠፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» አሉን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው፣ ከአባታቸው ጋር አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተው ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ተጋጣሚያችን ያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ናት። ባዳዊ የተባለው አጥቂ ሁለት ጊዜ አገባብን። መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ ሉቻኖም ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩን ጋቢው ከእጃቸው ወድቆ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ «በዚያ ውድድር የነበሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው» ሲል ተከራከረ። እውነቱን ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ 16 ነበሩ። ያን ጊዜም የመጀመሪያ ጨዋታችን የዋለው በጥር 13 ቀን ነው። ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣነው በአዳነ ግብ ነበር። እኛም ሁለቱን ጥር 13 ሳናበላልጥ ከሁለቱም መረጥን። ግብ ጠባቂ ጊላሚካኤል ተክለማርያም ሆነ። አሠልጣኙ፣ በ1954 ቡድኑን የመሩትና ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስለ ተከላካዮቹ ብዙ አንናገርም፤ መርካቶ ግብ ያገባውን እንጂ ያዳነውን አያስታውስምና፣ እዚያ ላይ እጅ አውጥተን ወሰንን።

ትልቁ ጠብ ግን በአምበሉ ላይ ነበር። ሉቻኖ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ ላይ የተወለደ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም አገር ለቅቆ ኢጣልያ ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. ዐረፈ። አንዱ ጓደኛችን «አስመራ ዛሬ የሌላ አገር ከተማ ናት፤ እርሱም ትቶን ሄዷል፤ እንዴት አምበላችን ይሆናል?» አለ። ወላጆቹ ከአስመራ የመጡ አንድ ልጅ በመካከላችን እንዳለ ያን ጊዜ አላሰብንም። ልጁ ዝም ብሎ ደብተሩን ሰበሰበ፤ በማግሥቱም ወደ ስብሰባው አልመጣም።

እኛም አፍረን ወደ ሸማ ተራ ተመለስንና «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለን ጠየቅን። «እኔ ያን ቀን ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽሁት ለማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። እናንተ አሁን ልታስመልሱኝ ነው?» አሉን።

ከዚያ በኋላ ድምፅ መስጠት አላስፈለገንም። ሁለት ሆነን ወደ ጓደኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። የተናገረውም ልጅ አብሮን ሄዷል። የአምበሉን ስም በሰሌዳው ላይ የጻፈው እርሱ ነው፤ ጽሕፈቱ ከሁላችንም ይበልጣልና።

ሰሌዳው ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ወላጆቻችን ስትወጡ ተመልከቱት፤ የምትቃወሙት ስም ካለ ጠመኔው ከሥሩ ተቀምጧል። የአምበሉን ስም ግን እንዳታጠፉብን እንለምናለን።