ከምረቃ በፊት ያለው ፈተና
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ ስለ ቴአትር እንድናገር ሲጋብዙኝ «ከምሳ በፊት ስለሆነ አደራ እንዳታስረዝም» ብለውኛል። ክትፎ ከሚጠብቀው ሰው ጋር መከራከር ስለማያዋጣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

በቋንቋችን «ምረቃ» የምትባል ሰፊ ቃል አለችን። ተማሪ ይመረቃል፣ መጽሐፍ ይመረቃል፣ ድልድይ ይመረቃል፣ ቴአትርም ይመረቃል። ተማሪው ግን ጋውን ከመልበሱ በፊት ስንት ጊዜ ይፈተናል? የክፍል ፈተና አለ፣ የሴሚስተር ፈተና አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ቢወድቅ እንደገና ይቀመጣል። ቴአትሩስ? ደራሲው ይጽፋል፣ ጽሑፉ ይገመገማል፣ ተዋንያን ለወራት ይለማመዳሉ፣ ገምጋሚዎች መጥተው ያዩታል፣ ከዚያ የክብር እንግዶች በተገኙበት ይመረቃል። ትኬት የሚቆርጠው ሕዝብ ሥራውን የሚያየው ፖስተሩ ከተለጠፈ፣ ገንዘቡ ካለቀ፣ የሚስተካከል ነገር ሁሉ ተስተካክሏል ከተባለ በኋላ ነው። ባጭሩ ቴአትራችን ሳይፈተን ይመረቃል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ፈተና የት ሊሰጥ እንደሚችል ነው። በእኔ አስተያየት ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ሊሰጥ ይችላል።

«ግምገማው ራሱ ፈተና አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ገምጋሚ ባለሙያ ነው፤ የታሪኩን አወራረድ፣ ቋንቋውን፣ አልባሳቱን ያያል። አምስትና ስድስት ሆነው በባዶ አዳራሽ የተቀመጡ ሰዎች ግን አምስት መቶ ሰው የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ስልኩን እንደሚያወጣ ሊነግሩን አይችሉም። ይህን የሚያውቀው ራሱ ተመልካቹ ነው፤ እሱም ቢሆን እስኪያየው ድረስ አያውቀውም።

ሙዚቃዊ ተውኔት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጉራጌን ጭፈራ እንውሰድ። ፍጥነቱን ታውቁታላችሁ፤ እግር፣ እጅ፣ ጭብጨባ አንድ ላይ ነው። አንዲት ተዋናይ ሦስት ደቂቃ ጨፍራ ወዲያው ለአባቷ «አላገባም» ብላ መናገር አለባት እንበል። በልምምድ ላይ አረፍ ብላ ትናገረዋለች። በእውነተኛው ምሽት ግን ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቃሉ ተቆራርጦ ይወጣል። እሱ ብቻም አይደለም። በወልቂጤ አዳራሽ ያ ዜማ ሲነሳ ተመልካች እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ይመስላችኋል? አብሮ ያጨበጭባል፣ ይነሳል፣ ጭብጨባው ዜማው ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። አባትየው ንግግሩን ቢጀምር አይሰማም፤ ቢጠብቅ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ዋሽንት ነፊው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። ክራር ለዘፋኟ ድምፅ ተብሎ ሊቃኝ ይችላል፤ ዋሽንት ግን ቅኝቱ ከተበሳበት ቀዳዳ ጋር ነው፤ ዘፋኟ ዝቅ ካለች ሌላ ዋሽንት ማንሳት አለበት። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ግን ተደማምረው ተውኔቱን ያነሱታል ወይም ይጥሉታል። አንዱም ቢሆን በወረቀት ላይ አይታይም።

ይህን ችግር ሌሎች እንዴት ያዙት? በኒው ዮርክ ብሮድዌይ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ከመመረቁ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ለሕዝብ ይቀርባል። ተመልካቹ ከፍሎ ይገባል፤ ሐያሲዎች ግን እስከ ምረቃው ቀን ብዕራቸውን ይሰበስባሉ። ማታ ይታያል፣ ቀን ይታረማል፣ ማታ እንደገና ይታያል። ከዚያም በፊት ብዙዎቹ ሥራዎች ከኒው ዮርክ ወጣ ብለው በሌሎች ከተሞች ይሞከሩ ነበር። ከእነዚህ ከተሞች ስመ ጥሩ ኒው ሄቨን ነው፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት፣ ከኒው ዮርክ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ከተማ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 ሮጀርስና ሀመርስታይን የተባሉ የዜማና የግጥም ጓደኛሞች አንድ ሥራ ይዘው ኒው ሄቨን ገቡ። ርዕሱ «እንግዲህ እንሂድ» እንደ ማለት ነበር። እዚያ አሳዩት፣ ቆረጡ፣ ቀጠሉ፤ ወደ ቦስተን ወስደው እንደገና አሳዩት፣ አረሙት። ኒው ዮርክ ሲደርስ ስሙ እንኳን ተለውጦ «ኦክላሆማ!» ሆኗል፤ ስሙን ያገኘው ከራሱ ከተውኔቱ ዘፈን ነው። ከኒው ሄቨን የመጀመሪያ ምሽት እስከ ኒው ዮርክ ምረቃ ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላም። ከዚያ በኋላ 2,212 ጊዜ ታየ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 እስቲቨን ሶንድሃይም ዜማና ግጥሙን የሠራለት አንድ ኮሜዲ በዋሽንግተን ሲሞከር ተመልካቹ አልሳቅ አለ። ቀልዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጀሮም ሮቢንስ የተባለው አዘጋጅ ተጠርቶ አየና ችግሩ መክፈቻው ዘፈን ላይ ነው አለ፤ ዘፈኑ ለስላሳ ስለሆነ ሕዝቡ ምን ዓይነት ሥራ ሊያይ እንደመጣ አላወቀም። ሶንድሃይም «ዛሬ ማታ ኮሜዲ ነው» ብሎ በግልጽ የሚነግር አዲስ መክፈቻ ጻፈ። የቀረው ቀልድ ያው ነበር፤ ሰዉ ግን ሳቀ። ይህን የትኛው ገምጋሚ ከወረቀት ላይ ያገኘዋል?

አሁን ወደ ከሸፈው እንምጣ። «ስፓይደር-ማን፦ ተርን ኦፍ ዘ ዳርክ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ወጪው 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዜማውን የሠሩት የዩቱ ባንድ አባላት ቦኖና ዘ ኤጅ ናቸው፤ አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር። ይህች ሴት ተራ ሰው አይደለችም። «ዘ ላየን ኪንግ»ን ለመድረክ ያበቃችው እሷ ናት። ልዩነቱን ልብ በሉ። «ዘ ላየን ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት ሚኒያፖሊስ በተባለች ከተማ ተሞክሯል። «ስፓይደር-ማን» ግን የትም አልተሞከረም፤ ተዋንያኑን በተመልካች አናት ላይ የሚያበረው መሣሪያ ለአንድ አዳራሽ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስለነበር ከዚያ ተነቅሎ የሚሄድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲቀርብ በመሣሪያው ብልሽት ተደጋግሞ ቆመ። በታኅሣሥ አንድ ተዋናይ ከከፍታ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። የምረቃው ቀን አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ተራዘመ። ሕዝቡ ያላለቀ ሥራ በሙሉ ዋጋ እየከፈለ ያያል። በየካቲት 2011 ሐያሲዎቹ ትዕግሥታቸው አለቀና ምረቃውን ሳይጠብቁ ጻፉ፤ አብዛኛው የሚያንኳስስ ነበር። አዘጋጇ ተነሳች። ትርዒቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ታሪኩ እንደገና ተጻፈ። ሲመረቅ ሰኔ 14 ቀን 2011 ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 182 ጊዜ ለሙከራ ታይቷል፤ ይህ በብሮድዌይ ታሪክ ክብረ ወሰን ነው። ከሺህ በላይ ጊዜ ታይቶም ወጪውን ሳይመልስ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ተዘጋ።

ከዚህ የምንማረው «ሙከራ አይጠቅምም» ማለትን አይደለም። 182 ጊዜ ተሞክሮ ለምን አልዳነም? ምክንያቱም የተሞከረው ሁሉም ነገር በብረት ከታሰረ በኋላ ነው። ሙከራ የሚረዳው ሥራው ገና ለመለወጥ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ነው። ሦስት ከበሮ፣ አንድ ክራርና አሥር ወንበር ያለው ሥራ በአንድ ሌሊት ይለወጣል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዘመናዊ ቴአትራችን የመጀመሪያ ሥራ የሚባለው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በመኳንንቱ ፊት ቀረበ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሹማምንቱ ነው ተባለ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ፤ እገዳው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ድረስ ቆየ። በሙከራ ቢታይ ኖሮ ከእገዳው ይድን ነበር አልልም፤ ነገሩ ፖለቲካ ነው። ግን አንድ ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ተመልካች የተተቸው ሰው ራሱ ነበር። የገበያው ሰው፣ ወዛደሩ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚስቅ ደራሲው የማየት ዕድል አላገኘም። ቴአትራችን ከልደቱ ጀምሮ የፊተኛውን ወንበር ለክብር እንግዳ ሰጥቶ ነው የጀመረው። እስከ ዛሬም አልተላቀቀም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግብፃዊው የዜማ ሰው ሐሊም ኤል-ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ በየአካባቢያቸው ለየብቻ የኖሩ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ባንድ ቀን አይስማማም። በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ቀጠለና እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄዶ ታየ። ዩኒቨርሲቲ የሚሳሳቱበት፣ ተሳስተው የሚያርሙበት ቦታ ስለሆነ ነው ይህ የተቻለው። ላብራቶሪው ለኬሚስትሪ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ገባሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችውን የቃቄ ወርድወትን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። በጋብቻና በፍቺ ላይ ሴቲቱም ድምፅ ይኑራት ብላ ሴቶችን አስከትላ ከየጆካ ሸንጎ ፊት የቆመች ናት። ታሪኳ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኖ ቀርቧል። ደግ ነው፤ ያኮራል። ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው፤ የሚቀጥለው የወርድወት ተውኔት፣ ወይም ስለ መርካቶ ስደት የሚጻፈው፣ ለምን መጀመሪያ እዚህ አይታይም? የጆካ ላይ ሽማግሌ እንዴት እንደሚነሳ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር የሚያውቁ አባቶች ያሉት እዚህ ነው። ተዋናዩ ቢሳሳት እነሱ ይስቃሉ፤ ያ ሳቅ ከአሥር ገጽ ግምገማ ይበልጣል። «አንቂት» ሲባል፣ ባል ካልፈታ በቀር ሴቲቱ ሌላ ማግባት የማትችልበትን ደንብ፣ ሳይተረጎምላቸው የሚሰማቸው እናቶች ያሉት እዚህ ነው። ወልቂጤ ላይ የቸሃው አነጋገር ያስቃል፤ ያው ቃል ቡታጅራ ላይ ለመስቃኑ ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከተሞች ላይ የቆመ ተውኔት አዲስ አበባ ላይ አይወድቅም። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ተመልካቹም አለ። የጉራጌ ሰው የትም ይሥራ የት ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከመስቀል ማግሥት ባሉት ቀናት የመርካቶው ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቦታ ናቸው። ሶዶ ክስታኔ ደግሞ ወጣቱ በአዳብና እየዘፈነ ገበያውን ይሞላል። ከዚህ የተሻለ የፈተና አዳራሽ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በየዓመቱ አንድ ያልተመረቀ ሙዚቃዊ ተውኔት እንጋብዝ። ሁለት ምሽት ወልቂጤ፣ ሁለት ምሽት ቡታጅራ። ትኬቱ ላይ «ሙከራ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ዋጋውም የሙከራ ዋጋ ይሁን፤ ሕዝብን ያላለቀ ነገር ያለቀ አስመስሎ መሸጥ ነውር ነው። በእነዚህ ምሽቶች የክብር እንግዳ ንግግር አይኑር፤ ሹሙም ፕሮፌሰሩም ትኬት ቆርጦ የትም ይቀመጥ። ደራሲውና አዘጋጁ መሐል ላይ ደብተር ይዘው ይቀመጡ፤ ዓይናቸው መድረኩ ላይ ሳይሆን ሰዉ ላይ ይሁን። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምሽት መካከል አንድ ሙሉ ቀን ለእርማት ይተው። ተዋናይ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ከታየ ትርዒቱ ወዲያው ይቁም፤ ሕዝቡ ይታገሣል። መብራትም ይጠፋል፤ ይጥፋ፤ ያለ ማይክ የማይሰማ ዘፈን መኖሩን ያኔ እናውቃለን።

መምህራን፣ የእናንተም ድርሻ አለ። የቋንቋ ተማሪ የሳቁን ቦታ ይመዝግብ፣ የምህንድስና ተማሪ መድረኩንና መብራቱን ይያዝ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ገቢና ወጪውን ይጻፍ። የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የሚፈለገው አበል፣ መኝታና የመኪና ነዳጅ ነው። ለአንድ የምረቃ ድግስ ከምናወጣው ይበዛል ብዬ አልፈራም።

እኛ ዛሬ «ምሩቃን» ተብለን የምንጠራው አንድ ሰው ከምረቃችን በፊት ስህተታችንን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ «አርመህ ና»፣ «አርመሽ ነይ» ስላለን ነው። ለደራሲዎቻችንና ለዘፋኞቻችንም ያንኑ እንድናደርግላቸው እጠይቃለሁ።  መልካም ምሳ ይሁንላችሁ።