የሸሸግነው ልጅ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ ከአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ልጅህ ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ሽሮና በርበሬ ስመዝን እንጂ መድረክ ላይ ስቆም ያየኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ግን «ዝም በማለታችን የደረሰብንን ረሳኸው?» አለችኝ። አልረሳሁትም። ዛሬ የምናገረውም እሱኑ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አሉን። ወንዱ የመጨረሻችን ነው። ሲወለድ ጀምሮ የሽንቱ መውጫ በደንብ ያልተከፈተ ነበር። ይህ በወንዶች ልጆች ላይ የሚታይ፣ ከማሕፀን የሚመጣ ችግር ነው። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሁለቱን ኩላሊቶቹን ጎዳቸው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ደሙ በመሣሪያ መታጠብ ጀመረ። ሐኪሞቹ መፍትሔው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው አሉን። ልጁ ትንሽ ስለሆነ በሕፃናት ላይ ብዙ ልምድ ወዳለበት ወደ ህንድ አገር እንድንሄድ መከሩን። እ.ኤ.አ. በ2019 ሄድን። ያኔ ዕድሜው ሦስት ዓመት ከስድስት ወር፣ ክብደቱ 12 ኪሎ ነበር።

ኩላሊት ሰጪው እኔ ልሆን ቆርጬ ነበር። ሲመረምሩኝ የደም ግፊት ተገኘብኝና አይሆንም ተባልኩ። አባት ሆኖ ለልጁ ሊሰጥ ፈልጎ አለመቻል ምን እንደሚመስል ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። እናቱ ተመረመረች፤ ተስማማ። በዚያ አገር ሕግ መሠረት በእውነት እናቱ መሆኗን በወረቀት ማረጋገጥ ነበረብን፤ በገንዘብ ተገዝቶ እንዳይሆንም ኮሚቴ ፊት ቀርበን ተጠየቅን። በመጨረሻ ኩላሊቷ ከእሷ ወጥቶ ለልጃችን ተተከለ። የትልቅ ሰው ኩላሊት ለ12 ኪሎ ልጅ ይበቃል ወይ ብለን ፈርተን ነበር። ሐኪሞቹ ሆዱ ውስጥ ቦታ አበጁለት። ከነቃ በኋላ በቱቦው የወረደውን ሽንት ሳይ አለቀስኩ። ሽንት አይቶ በደስታ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኛ ሆኑብኝ። እናቱ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተከልክላለች። ልጁ «እማዬ እቀፊኝ» ይላታል፤ ኩላሊቷን የሰጠችውን ልጅ ማቀፍ አትችልም። ቁጭ ባለችበት አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀምጥላት ነበር።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ ግን ትልቁን ስህተት ሠራን። ለማንም አልተናገርንም። «ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ነው፤ አሁን ደህና ነው» አልን። ለምን ሸሸጋችሁ ብትሉኝ ምክንያታችን ብዙ ነበር። አንደኛ የሰው ዓይን ፈራን። ሁለተኛ «የዘር በሽታ አለባቸው» ተብሎ ነገ ሴቶች ልጆቻችን ሲዳሩ እንቅፋት ይሆናል አልን። ሦስተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲታዘንልን አልፈለግንም። በንግዱ ዓለም ሰው ካዘነልህ ብድር አይሰጥህም። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ መድኃኒቱን በፍሪጅና በሳጥን ሞልተን በሽታውን ሸሸግን።

መሸሸጉ ያመጣብንን ለመረዳት መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውነታችን የራሱ ያልሆነውን ነገር ሁሉ ይዋጋል። የእናቱም ኩላሊት ቢሆን ለልጁ ሰውነት እንግዳ ነው። ስለዚህ ይህን የመዋጋት ኃይል የሚያደክም መድኃኒት በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ አለበት። ዋነኛው ታክሮሊመስ የሚባለው ነው፤ በ12 ሰዓት ልዩነት በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። መድኃኒቱ ካነሰ ሰውነቱ ኩላሊቱን ይዋጋል፤ ከበዛ ደግሞ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ተራ በሽታም ይበረታበታል። የኛ ሥራ በሁለቱ መካከል መሄድ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ከራሳችን ቤት መጣ። አማቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ እኔና ባለቤቴ ለአንድ ቀን ወጣ አልን። በጠርሙሱ ላይ «8» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እሷ በኛ አቆጣጠር ቀን 8 ሰዓት መስሏት የጠዋቱን መድኃኒት ከቀትር በኋላ ሰጠችው፤ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የኛ ነው፤ ከምን እንደምትጠብቀው አልነገርናትም። የዚያን ዕለት ማታ ልጄ ሳጥኑ ላይ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብላ በአማርኛ ጻፈች፤ ጎኑ ፀሐይና ጨረቃ ሳለች። የቤት ሠራተኛችን ኬንያዊት ናት፤ እነሱም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ስለሆነ ወዲያው ገባት።

ሁለተኛው ግን ከዚህ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የፋሲካ ሰሞን አንዲት የቅርብ ወዳጃችን ልጆቿን ይዛ ለበዓል መጣች። ቤቷ ውስጥ ጉድፍ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ ችክን ፖክስ የሚሉት። ለሌላ ልጅ ጉድፍ ጥቂት ቀን አሳክኮ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ስለዚህ ምንም አላሰበችም። ልጆቹ ሲጫወቱ ዋሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ልጃችን ትኩሳት ያዘው፤ ሰውነቱ ሁሉ ፈላ። 11 ቀን ሆስፒታል ተኛ። በደም ሥር መድኃኒት ሰጡት። የመዋጋት ኃይሉን የሚያደክመውን መድኃኒት ሲቀንሱለት በሽታውን ይቋቋማል፤ ኩላሊቱ ግን ይጋለጣል። ባይቀንሱለት ደግሞ ጉድፉ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። በየቀኑ ጠዋት የደሙን ውጤት ስንጠብቅ እኔና እናቱ እርስ በርስ አንነጋገርም ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ፤ ኩላሊቱም ተረፈ። ያቺ ወዳጃችን ሆስፒታል መጥታ እውነቱን ስትሰማ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። «እህቴ፣ ምነው ብትነግሪኝ? እንኳን ልመጣ በስልክም ባስጠነቀቅኋችሁ ነበር» አለቻት። ሐኪሙም ነገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነግሮን ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚሰጥ የመከላከያ መርፌ እንደነበረ ነገረን። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር። ያንን ጥሪ ያስቀረነው እኛ ነን።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ሰንበት ላይ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የዕድር ጓደኞቻችንን ቡና ጠርተን ሁሉን ነገርናቸው። የፈራነው አንዱም አልደረሰም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን የምናሳድገው ሁለታችን ብቻ አይደለንም። እናንተም ናችሁ። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ልጅ በአካባቢያችሁ ካለ ወይም ነገ ቢመጣ እንድታውቁት ጥቂት ነገር ልናገር።

አንደኛ፣ ጉንፋንም ሆነ ሽፍታ ያለበት ልጅ በቤታችሁ ካለ ደውሉ። ልጁን ከሰው እንድታገሉት አይደለም። ቶሎ ማወቁ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብ አትስጡት። እኛ ልጅ የምንወደው በማጉረስ ነው፤ አውቃለሁ። አንዲት እናታችን ግን አሁን በየበዓሉ የእሱን ክትፎ ለብቻው በደንብ አብስለው ስሙን ጠርተው ያቀርቡለታል። ከሌላው ልጅ የተለየ ክብር መስሎት ይኮራል። ከፍራፍሬ ደግሞ ግሬፕፍሩት ክልክል ነው፤ የመድኃኒቱን መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት በራሳችሁ አትስጡት። ሁላችንም ቤት የማይጠፋው አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንድ አንቲባዮቲክና የባህል መድኃኒትም ከታክሮሊመስ ጋር ይጋጫል። ካስመለሰው ወይም ተቅማጥ ከያዘው «ጥርስ እያወጣ ነው፣ ሆዱን በርዶት ነው» ሳንል ለሐኪም እንደውላለን።

አራተኛ፣ ክትባት። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕይወት ያለው ተዋሲ የያዙ ክትባቶች ከንቅለ ተከላ በኋላ በአብዛኛው አይሰጡም። አገር ቤት ስንሄድ የቢጫ ወባ ካርድ ቢጠየቅ የሐኪም ደብዳቤ እንይዛለን። እሱ መከተብ ስላልቻለ የሚጠብቀው የናንተ ልጆች መከተብ ነው። ልጃችሁን በወቅቱ ስታስከትቡ የኔንም ልጅ አዳናችሁ ማለት ነው።

የጸበሉም ነገር ይነሳል። አማቴ ጸበል ይጠጣ አለች፤ እኔ ያልፈላ ውሃ ፈራሁ፤ ቤቱ ተበጠበጠ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅን። «መድኃኒቱንም ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ይረጭበት፣ አይጠጣ፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ» አሉን። በዚሁ ታረቅን።

ስለ ሴቶች ልጆቼም አንድ ነገር ልበል። ለዓመታት ዓይናችን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሁለተኛዋ ልጃችን «አባዬ፣ የኔም ኩላሊት ቢታመም ኖሮ እንደሱ ትወዱኝ ነበር?» አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁና እጇን ይዤ ረጅም መንገድ ሄድን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት የእሷና የእህቷ ነው። የታመመ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ጤነኞቹንም እዩአቸው።

ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ይጫወታል፤ ሆዱን የሚመታ ግጥሚያ ብቻ ይቀርበታል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጣል፤ የትልቅ ሰው ኩላሊት ብዙ ውሃ ይፈልጋል። በጠባሳው አያፍርም። «እማዬ የገባችበት በር ነው» ይላል። የተተከለ ኩላሊት ግን ለዘለዓለም አይደለም። ብዙዎቹ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላሉ፤ አንድ ቀን ግን ሌላ ሊያስፈልገው እንደሚችል እናውቃለን። ተስፋችን እውቀቱ እየቀረበን መምጣቱ ነው። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። እዚህ ናይሮቢም ይሠራል።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ወደ ህንድ ስንሄድ ወጪውን በሱቁና በዘመድ ተወጣነው። ያላሰብነው ግን ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን የመድኃኒትና የደም ምርመራ ወጪ ነው። ኦፕራሲዮን አንድ ጊዜ ነው፤ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ሱቁ ሲቀዘቅዝ የልጄ መድኃኒት የሦስት ቀን ብቻ ቀርቶ አውቃለሁ። ያኔም ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ዕድራችን በ25 ዓመት ውስጥ ብዙ ወገን በክብር ቀብሯል፤ አስከሬን ወደ አገር ልኳል፤ ድንኳን ተክሏል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ነገር ግን ከመካከላችን ሰው ሲሞት የምናውቀውን ያህል ሲታመም አናውቅም። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ አባል በወር 100 ሽልንግ ይጨምርና የመድኃኒት ሣጥን እናቋቁም። ለኔ ልጅ ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመም ላለበት፣ ደሙ ለሚታጠብ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅበት ሲል ለሚያፍር ሰው ሁሉ ይሁን። ተቀባዩም ስሙ በየስብሰባው እንዳይነሳ ሦስት የታመኑ ሰዎች ብቻ ይወቁት። መናገር እንዲችል መጀመሪያ እንዳያፍር እናድርገው።

የመጀመሪያውን 100 ሽልንግ ዛሬ ልጄ ይዞ መጥቷል። ከኪስ ገንዘቡ ያጠራቀመው ነው። ለሊቀ መንበራችን እሱ ራሱ ያስረክባል።

ለ50ኛውም ዓመት በጤና ያድርሰን።