ገንዘብ ያነሰው ፊልም ስለ ምን ያስፈራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያሰማው ንግግር)



ልናገር ያሰብሁት ስለ ፊልም ነው። ከወላጆች መካከል «ፊልም ደግሞ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እስቲ ግን ጥቂት ታገሡኝ።

አምና የኪነ ጥበብ ክበባችን አንድ የሚያስፈራ አጭር ፊልም ለመሥራት ተነሥቶ ነበር። ማንሻው የአንድ ጓደኛችን ስልክ፥ ተዋናዮቹም እኛው ነበርን። ነገር ግን የጭምብሉ፥ የመብራቱና የልብሱ ዋጋ ሲደመር ከክበቡ ገንዘብ እጅግ በለጠ። ያን ጊዜ «ያለ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሰውን ያሥቃል እንጂ አያስፈራም» ብለው ሥራው እንዲቀር ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ የቆምሁት ያ ንግግሬ ስሕተት እንደ ነበረ ለመናገር ነው።

በመጀመሪያ የሩቁን ላስቀድም። በአሜሪካን አገር በፒትስበርግ ከተማ ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል ወጣትና ባልንጀሮቹ ዐሥር ሆነው እያንዳንዳቸው 600 ዶላር አዋጡ። ኋላም ከሌሎች እየለመኑ ጨመሩና ጠቅላላው ወጪ ወደ 114,000 ዶላር ደረሰ፤ ይህም በሆሊውድ ሚዛን ከምንም የማይቈጠር ነው። ሊፈርስ የተዘጋጀ አንድ የገጠር ቤት አገኙ፤ ደሙን ከቸኮሌት ሽሮፕ አደረጉት፤ ሙታኑ የሚበሉትን ሥጋ አንድ ሥጋ ሻጭ ሰጣቸው። ባለ ቀለሙ ስለሚወደድ በጥቁርና ነጭ አነሡት። «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለው ይህ ፊልም በ1961 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1968) ሲወጣ ያው የድህነቱ ጥቁርና ነጭ እንደ ዜና ፊልም እውነት አስመሰለው። ዋናውን ሰው የሚጫወተው ድዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ጋር ታግሎ ይተርፋል፤ ሲነጋ ግን የሚገድሉት ሙታኑን ሊያጠፉ የመጡት ጠመንጃ ያዥ ሰዎች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የሙታኑ ፊት አይደለም፥ ይህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከማክሰኝት ወደ ሰሜን ተሳፍረን ሳንርቅ በምንደርስባት በጎንደር ከተማ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ቴያትር የሚጽፉና የሚያዘጋጁ ሰው ነበሩ። ልጁ አሜሪካን አገር ሄደው በሎስ አንጀለስ የፊልም ሥራ ሲማሩ፥ በ1966 ዓ.ም. በትምህርት ቤት ዕረፍታቸው ወደ አገራቸው መጡና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ውስጥ አነሡት። ይህም በጥቁርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፥ ተዋናዮቹም ተዋናይነት ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸለመ።

ፊልሙ የሚያስፈራ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ስለ አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብና ስለ ባለመሬቱ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ረዥም ነው፥ እኔም በመካከሉ ሁለት ጊዜ አዛግቻለሁ። አንድ ቀን በአጎቴ ኮምፒዩተር ስመለከተው አያቴ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «እኛ እንኳ ርስት ነበረን፤ የጭሰኛን ነገር በወሬ ነው የምናውቀው» ብለው ገበሬው ሲያርስ አስተራረሱን ይተቹ ጀመር። ሞፈሩ እንዲህ፥ እርፉ እንዲያ እያሉ እኔንም አሣቁኝ።

ከዚያ የልጅቱ ሕልም መጣ። በሕልሟ አባትና እናቷ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው፥ ባለመሬቱ እየነዳቸው ያርሳሉ። ጭምብል የለም፥ ደም የለም፥ የተለየ መብራትም የለም። ቀንበሩ በየቤታችን ደጃፍ ተጋድሞ የምናየው ቀንበር ነው። አያቴ ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ ቀስ ብለው «በሬዎቹንስ የት አደረጓቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። አያቴ ጅብም ሽፍታም የማይፈሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሌሊት ግን ተነሥተው በረቱን ከፍተው በሬዎቻቸውን ሲዳብሱ ሰማኋቸው።

እኔ በክበባችን ስብሰባ የጭምብል ዋጋ ስደምር፥ ከዚህ ዕቃ አንዱንም አላሰብሁትም ነበር።

ፕሮፌሰሩ ከዚያም በኋላ ገንዘብ ሞልቶላቸው አልሠሩም። «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን በ1985 ዓ.ም. ሲጨርሱ የሚያከፋፍልላቸው ቢያጡ፥ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ለ«ጤዛ» ገንዘብ ፍለጋ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ደከሙ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ ሁለት ሽልማት ተቀበሉበት። ገንዘብ አያስፈልግም ለማለት አልደፍርም፤ ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ዕድሜ ነው፥ በዚያ ዘመን ሌላ ስንት ፊልም ይሠራ እንደ ነበር ማሰብ ያሳዝናል። እኔ ግን ገንዘቡን ሳንፈልግም ገና ተስፋ ቈርጠን ነበር።

እንግዲህ ክበባችን ያን የተወውን ሥራ እንደ ገና ሊጀምር ተስማምቷል። ታሪኩንም ለውጠነዋል፤ ጭራቁ ቀርቶ በአንድ ሌሊት በሬዎቹ ስለ ጠፉበት ቤት ሆኗል። ወላጆች ሆይ! የምንለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። አንድ አሮጌ በረት ለሁለት ሌሊት፥ ፋኖስ ያለው ፋኖስ፥ ጅራፍ ያለውም ጅራፍ ቢያውሰን ይበቃናል። ቀንበሩን አያቴ ሰጥተውናል፤ ነገር ግን የእርሻ ወራት ሳይገባ እንድንመልስላቸው ብርቱ ቃል አስገብተውናል።