ቀርከሃ በልተው የሚያድሩ እንስሳት

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረ ጊዜ በሳይንስ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)





በሥነ ሕይወት ትምህርት ላይ ስለ ቻይናው ፓንዳ በተነገረን ዕለት፣ ይህ ድብ ዕድሜውን ሙሉ ቀርከሃ ሲበላ ይኖራል ቢባል፣ ከባንጃ መጥቶ ከእኛ ጋር የሚማር አንድ ጓደኛችን «እንግዲያውስ የአባቴን አጥር በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀው። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ከመራዊ ተነሥቶ በዱርቤቴና በዳንግላ በኩል እንጅባራ የደረሰ መንገደኛ ሁሉ ቀርከሃን ያውቀዋል። ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ ወንበር፣ ቅርጫትና የንብ ቀፎ ይሆናል። በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ አገር የቆላውን ቀርከሃ ለጋ ቡቃያ ሰው አብስሎ ይመገበዋል። በእኛ ደጋ ግን ቅጠሉን ለከብት ከመስጠት በቀር ቀርከሃን ከምግብ የሚቈጥረው የለም። ታዲያ አንድ ትልቅ አውሬ በዚህ እንጨት እንዴት ይጠግባል? ይህንን ለመመርመር ተነሣንና ያገኘነውን ዛሬ እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ፓንዳ በመሠረቱ የሥጋ በል ወገን ነው። ጥርሱም አንጀቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ አንጀቱ እንደ ሥጋ በል ሁሉ አጭር ነው። ላም ሣር ስትበላ አራት ክፍል ባለው ሆዷ ታሳድረዋለች፤ መልሳ ታመሰኳዋለች፤ በሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋንም የሣሩን ጭረት ይፈቱላታል። ፓንዳ ይህ ሁሉ የለውም። የዋጠው ቀርከሃ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቈይቶ ይወጣል፤ ከበላውም ደረቅ መኖ ለሰውነቱ የሚሆነው ከመቶ 17 እጅ ያህል ነው። የቀረው እንዳለ ይጣላል። በ2010 ታትሞ የወጣው የፓንዳ የዘር ጥናት፣ የሥጋን ጣዕም እንዲለይ የሚረዳው አንዱ የዘር ቅንጣት ሥራውን ማቆሙን ገልጿል። እንግዲህ ፓንዳ ሥጋ በል ሆኖ ተፈጥሮ ሥጋ የማይጥመው አውሬ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የጐደለውን የሚሞላው በብዛት ነው። በቀን ከ10 እስከ 16 ሰዓት ያህል ሲበላ ይውላል፤ ሌሊትም ተነሥቶ ይበላል። በቀን የሚፈጀው እንደ ወቅቱና እንደሚበላው ክፍል ከ12 እስከ 38 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አበላሉም ማየት ለሚወድ ደስ ያሰኛል፤ ሰው መስሎ በቂጡ ይቀመጥና አገዳውን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ልጅ ሸንኮራ እንደሚልጥ አረንጓዴውን ልጣጭ በጥርሱ ገፎ ይጥለዋል። ለመጨበጥ የሚረዳው ከአምስቱ ጣቶች ሌላ ከእጁ አንጓ ላይ ረዝሞ የወጣ አንድ አጥንት ነው፤ እንደ አውራ ጣት ሆኖ ያገለግለዋል።

ብዙ ሰው ፓንዳ ያገኘውን ቀርከሃ ሁሉ እንዲያው የሚያጭድ ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቺንሊንግ በተባለው የቻይና ተራራ ሁለት ዓይነት ቀርከሃ አለ፤ አንዱ ከታች፣ ሁለተኛው ከላይ ይበቅላል። ፓንዳው በጸደይ ከታችኛው ቀርከሃ አዲስ የወጣውን ቡቃያ ይበላል፤ ቡቃያው ለጋና ገንቢ ነውና። ያ ሲያረጅ፣ የላይኛው ቡቃያ ብቅ በሚልበት ጊዜ ሽቅብ ወደ ተራራው ይወጣል። ክረምቱን እዚያ ከርሞ ብርዱ ሲበረታ ተመልሶ ይወርዳል። የእኛ ባላገር ከብቱን የሣሩን ሁኔታ እያየ ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚነዳ፣ ፓንዳም ራሱን በራሱ ይነዳል። ከዚህም በላይ ኀይሉን ይቈጥባል። በ2015 የወጣ ጥናት ፓንዳ በቀን የሚያወጣው ኀይል በእርሱ ክብደት ካለ እንስሳ ከሚጠበቀው ከመቶ 38 እጅ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሰነፍ ነው የሚሉት ሰዎች ይህን ሒሳብ ባያዩ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «በአገራችንስ ቀርከሃ የሚበላ አውሬ የለምን?» ብሎ ጠየቀ። አለ፤ እኛም እስከዚያ ቀን ስሙን ሰምተን አናውቅም ነበር። በባሌና በሲዳማ ደጋዎች የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ጦጣ ነው። ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ በ1902 በሳይንስ ስም ጠራው፤ ስሙም ጀምጀም ከተባለው አገር የተወሰደ ነው። በአማርኛ የባሌ ጦጣ ይባላል። እዚህ በሜጫ በሾላውና በዋርካው ላይ ከምናየው፣ በቆሎ ሲያሽት ከማሳችን ከማይጠፋው ጦጣ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን የእኛው ጦጣ ያገኘውን ሁሉ ሲበላ፣ የባሌው ዘመዱ እንደ ፓንዳ አንድ ጎተራ ይዞ የሚኖር ነው።

አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በባሌ በኦዶቡሉ ጫካ ይህን ጦጣ ተከታትለው ያገኙትን በ2010 አሳትመዋል። ጦጣዎቹ ከሚበሉት ውስጥ ከመቶ 76.7 እጁ የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ይኸውም በእንጅባራ አጥር የሚሆነው ያው ቀርከሃ ማለት ነው። የቀረውን ጨምሮ የተመገቡት የዕፀዋት ዓይነት በጠቅላላው 11 ብቻ ነው። ከምግባቸው ከመቶ 80.2 እጁ ለጋ ቅጠል ሲሆን፣ ከቀኑ ጊዜያቸው ከመቶ 65.7 እጁን የሚያጠፉት በመብላት ነው። ፓንዳና ይህ ጦጣ በመልክም በዘርም አይገናኙም፤ አንዱ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ሌላው ሕፃን ልጅ የሚያቅፈው ነው። ሆኖም ሁለቱም ከቅጠሉ ለጋውን ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ቀኑን ሲበሉ ያመሻሉ።

አሁን ወደ አስጨናቂው ነገር እንመጣለን። ቀርከሃ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ያብባል፤ በአበበ ጊዜም በአንድ አካባቢ ያለው በጅምላ አብቦ በጅምላ ይደርቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቻይና በሚንሻን ተራራ ይህ ሆነና ቢያንስ 138 ፓንዳዎች ሞተው ተገኙ። ነገሩን ሰምተን መጀመሪያ የፈረድነው በቀርከሃው ላይ ነበር። ነገር ግን ቀርከሃ ከጥንት ጀምሮ ሲያብብና ሲደርቅ ኖሯል፤ ፓንዳውም አብሮት ኖሯል። በጥንት ዘመን አንዱ ዓይነት ሲደርቅ ፓንዳው ሸለቆውን ተሻግሮ ሌላ ዓይነት ወደሚበቅልበት ይሄድ ነበር። በኋላ ሸለቆው እርሻና መንደር ሆነ፤ መሻገሪያው ተዘጋ። እኛ እንደ ተረዳነው ብዙዎቹን የገደላቸው የቀርከሃው መድረቅ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ መዘጋት ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ ቻይናዎች ጫካዎቹን የሚያገናኙ መተላለፊያዎች ማዘጋጀት ጀመሩ። በ2014 በተጠናቀቀው ቈጠራ 1864 ፓንዳዎች በዱር ተገኝተዋል፤ በ2016ም ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ወጥቶ ለአደጋ ከተጋለጡት ጋር ተመዝግቧል።

የባሌ ጦጣም የተመዘገበው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው፤ የእርሱም መንገድ እየተዘጋ ነው። በሲዳማ አካባቢ ጫካው ተመንጥሮ በእርሻ መካከል ቍርጥራጭ ሆኖ በቀረበት ስፍራ ቀርከሃው ተጨፍጭፏል። በዚያ ያሉት ጦጣዎች ከዛፍ ወርደው አረምና ቍጥቋጦ ይበላሉ፤ ወደ ማሳም ይገባሉ። እርግጥ አልሞቱም፤ ከፓንዳው ይልቅ ራሳቸውን መለወጥ ችለዋል፤ ይህን ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ማሳ የገባ ጦጣ ምን እንደሚደርስበት የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን ለእኛ ማንም ሊነግረን አይገባም። ገበሬውም ቢሆን የሚያባርረው የልጆቹን እህል ለማዳን ነውና ልንፈርድበት አንደፍርም። ከዚህም ሌላ በእነዚህ ቍርጥራጭ ጫካዎች የሚኖሩት ከጎረቤት የጦጣ ዘሮች ጋር መዳቀላቸውን የዘር ምርመራ አሳይቷል። እንዲህ ከቀጠለ ጦጣው ሳይሞት ዘሩ ሊጠፋ ይችላል።

በእኛ በኩል በአዊ ያለው ቀርከሃ ብዙው ገበሬው በጓሮው ተክሎ የሚጠብቀው ነው። ባለቤት ስላለው ይቈረጣል፣ መልሶም ያድጋል። በባሌና በሲዳማ ደጋ በጦጣው ቀርከሃ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከባንጃው ገበሬ የሚማረው ነገር ይኖር ይሆን? ጓደኛችን አባቱን ጠይቆ እንዲመጣ አዘነዋል፤ አባቱም ቀርከሃ እንዴት እንደሚተከልና በስንት ዓመቱ እንደሚቈረጥ ለመናገር ፈቃደኛ ሆነው እነሆ ዛሬ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጠዋል።

በኤግዚቢሽኑ ክፍል በር አጠገብ አንድ ጆንያ ታገኛላችሁ። በውስጡ ከእንጅባራ የመጣ 12 ኪሎ ግራም የቀርከሃ ቅጠል አለ፤ ይኸውም የአንድ ፓንዳ የአንድ ቀን ምግብ፣ ያውም ዝቅተኛው ነው። የፈለገ ሰው አንሥቶ ክብደቱን መሞከር ይችላል። በዓሉ ሲያልቅ ጆንያውን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ላሉት ላሞች እናፈሰዋለን፤ እነርሱ ከፓንዳው ይልቅ ይጠቀሙበታል።