ፒክአፑ ከጥርጊያው ሲወጣ

በኒሯቅ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር

የብድር አመላለሱን ሪፖርት በጽሑፍ ሰጥተናችኋል፤ ለሚሻም የቡድን መሪዎች በአገውኛ ያስረዳሉ። እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች የተሰጠንን ጊዜ ስለ ፒክአፑ እንናገርበት ብለናል። ከየቀበሌው የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗልና፦ «መኪናው ፎር ዊል ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ ወንዝ ዳር እህላችንን አራግፎ ለምን ይመለሳል?» አንዳንዶቻችሁ ሾፌሩ የሰነፈ መስሏችኋል። አልሰነፈም። ተመለስ የምንለው እኛ ነን። መኪናው የሚጠገነው በእናንተ ቁጠባ ስለሆነ ምክንያቱን መስማት መብታችሁ ነው።

ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለሁለት ጎማ ብቻ ሳይሆን ለአራቱም ይደርሳል ማለት ነው። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ሁለቱ ሲንሸራተቱ ሌሎቹ ይጎትታሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። የመኪናውን ሆድ ከፍ አያደርግም፣ ጭነቱን አያቀልም፣ ፍሬኑንም አያጠነክርም።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የአበርገሌ ቆላ ደግሞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲበዛም የፍሬኑ ዘይት ይፈላና እግር ሲረገጥ ፔዳሉ ባዶውን ይሰምጣል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ እየጎተተ ሲወርድ «ምነው ቀስ አለ» የምትሉት ለዚህ ነው። በጥርጊያው ላይ መኪና ቢያስቸግር ቢያንስ የሚጠጉበት ዳር አለ። ከጥርጊያው ውጭ ያለው ገደልና ቋጥኝ ነው።

ወንዙ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነውና። የእኛ አገር ወንዝ በበጋ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ሕፃን ይሻገረዋል። በክረምት ግን እዚህ ሰማዩ ጠራ ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ጎርፍ የሚያጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጡት ልክ አለ፦ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈሳሽ ውኃ ብዙ ትንንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ፒክአፕንም ጨምሮ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። 60 ሴንቲ ሜትር ከእኛ ጉልበት እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ «ጉልበቴን አለፍ ቢል ነው» የምትለዋ እናት እውነቷን ነው፤ ለመኪናው ግን ያ መጠን በቂ ጥፋት ነው።

ውኃው ባይወስደው እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ሞተር አየር እየሳበ ነው የሚሠራ። በአየሩ ፈንታ ውኃ ከሳበ፣ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ያ ጎማ እንደመቀየር ያለ ጥገና አይደለም፤ ሞተሩን ሙሉ ለሙሉ ማውረድ ነው። ከኋላ ያለው ዲፈረንሻልም ሲሠራ ውሎ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ ነጭ ይሆናል፤ ጥርሱ ቀስ በቀስ ይበላል። ይኼ ሁሉ የሚሆነው መኪናው ተሻግሮ፣ ሁላችንም እልል ብለን፣ ሾፌሩም ተመስግኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

የሒሳብ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ናፍታ የዚያኑ ዕለት ይታያል፤ ደረሰኙ ቀኑን ይዞ ይመጣል። ከጥርጊያ መውጣት የሚያስከትለው ወጪ ግን በዕለቱ አይታይም። ዛሬ ድንጋይ ላይ የተላተመ ባሌስትራ የሚሰበረው ከሁለት ወር በኋላ በደህና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የግራር እሾህ ጎማ ውስጥ ቀርቶ ነገ ነው የሚያስተነፍሰው። አቧራው ፊልትሮውን ዘግቶ ናፍታ ያስበላል። ከሆዱ በታች ያለው የዘይት መያዣ በድንጋይ ተነድሎ ዘይቱ ከፈሰሰ ደግሞ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። እኛ በመዝገብ ላይ «ጥገና» ብለን እንጽፋለን። ባሌስትራውን የሰበረው የትኛው ጉዞ፣ የማን ጉዳይ እንደነበር ደረሰኙ አይናገርም። ስለዚህ ዕዳው የሁሉም ይሆናል፤ መኪናው ውስጥ አንድም ቀን ያልተቀመጠች አባልም ትከፍላለች።

ጭነቱን በተመለከተ አጭር ስሌት እንሥራ። አብዛኛው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ማለትም ቢበዛ 10 ኩንታል። ውስጥ አምስት ሰው ከተቀመጠ፣ እያንዳንዱን 60 ኪሎ ብንለው፣ ሦስት ኩንታሉ አለቀ። ለእህል የቀረው ሰባት ነው፤ ያውም ለደህና መንገድ። ከጥርጊያው ውጭ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሰባቱ ኩንታል አብሮ ይዘልና ተመልሶ በሻንሲው ላይ ያርፋል። «አንዲት ጆንያ ምን ታመጣለች» የምትለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ባንሰማት ደስ ይለናል።

ኢንሹራንስ አለው አይደል ወይ ላላችሁ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ የመግባት ግዴታ ያለበት የሦስተኛ ወገን መድን በመኪናችን ምክንያት ለሚጎዳ ሌላ ሰውና ንብረት ነው እንጂ ለራሳችን መኪና አይደለም። ሙሉ ዋስትና ለብቻው ይገዛል፤ ውሉም እያንዳንዱ መስመር ተነቦ ነው የሚፈረም።

ደጋፊዎቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር እንላችሁ። መኪና በበጀት ይሰጣል፤ ምርቃቱም ያምራል። ጎማ፣ ባሌስትራና ፍሬን ግን ብዙ ጊዜ በበጀቱ አይገኙም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ መለዋወጫ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፣ እኛም በኪራይ እንሠራለን። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲገባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2030 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያበቃል ተብሎ ነው። ያ ቃል እናቲቱ ደጅ የሚደርሰው በጎማ ወይም በእግር ነው፤ የጎማው ዋጋ ይታሰብልን።

መኪናው የሚጎዳው ራሱን ብቻም አይደለም። እናንተው በየዓመቱ ድንጋይ ተሸክማችሁ የሠራችሁት እርከን አለ። ጎማ አንዴ ሲያልፍበት ጠርዙ ይናዳል፤ ሁለተኛው ሾፌር የመጀመሪያውን ፈለግ ይከተላል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው በዚያ በጎማው መስመር ይሰበሰባል። ከዚያ ወዲያ ቦረቦር ነው፤ የታችኛዋ እናት ማሳ ይሄዳል። ይኼ በየትኛውም መዝገባችን ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። ሌላም አለ፣ ማንሳቱ ባይጣፍጥም፦ ጦርነቱ ባለፈበት አካባቢ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። ሰውና ከብት ከሚመላለስበት መንገድ መውጣት በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ መከልከል አለበት።

ታዲያ ፈጽሞ አይውጣ ወይ? አላልንም። ምጥ የያዛት እናት ካለች ባሌስትራ አይቆጠርም። እሱም ቢሆን ሾፌሩ ብቻውን የሚወስነው አይሁን። የቀበሌዋ ቡድን መሪና ሾፌሩ ተማክረው፣ መሬቱን በእግር ቀድመው አይተው፣ ጭነቱን ሁሉ አራግፈው ይሂዱ። ወንዙ ከሞላ መኪናው በዚህ ዳር ይጠብቅ፣ ቃሬዛው መሻገሪያ ባለበት ይዙር። የሞላ ወንዝ ውስጥ የገባ መኪና እናቲቱንም ተሸካሚዎቿንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ለእህሉ ግን ሌላ መንገድ አለን። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል፣ ሰባት ኩንታል 14 አህያ ነው። አህዮቹ ደግሞ የማን ናቸው? የእናንተው። ለአህያ ኪራይ የሚከፈለው ገንዘብ ወንዙን ተሻግሮ አባላት እጅ ይገባል፤ ለመለዋወጫ የሚከፈለው ግን ከዋግ ይወጣል። ወንዙ ከሞላም እህሉ ውኃው እስኪጎድል ቢያድር አይሞትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለውሳኔ አቅርበናል። አንደኛው፣ በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ አዲስ ዓምድ ይጨመር፦ ከጥርጊያ ወጥቷል ወይስ አልወጣም፣ ለምን፣ ማን ፈቀደ፣ ሲመለስ ከሥሩ ምን ታየ። ጥገናው ሲመጣ ወደ ጉዞው እንድንመልሰው። ሁለተኛው፣ ከወንዙ ወዲያ ላሉት ቀበሌዎች የአህያ ኪራይ ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ ይኑረው። ዋጋውን እኛ አንወስንም፤ አህያ ያላችሁ እናቶች ተነጋግራችሁ ንገሩን። የመዝገቡ ናሙና ቡና ሲፈላ በየቡድኑ ይዞራል፤ ማንበብ ለምትቸገሩ ጸሐፊዎቻችሁ ያነቡላችኋል። ከቡናው በኋላ እጅ እናወጣለን።