የዕድራችን ድንኳን በእሽቅድድም ሜዳ
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪና እሽቅድድም ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ እሽቅድድምን ምን አመጣው የሚል ቢኖር፣ ነገሩ ትልቁን ድንኳናችንን ስለሚመለከት ነው እንላለን። ድንኳኑ ለዚህ ጉዳይ ይፈቀድ አይፈቀድ እየተባባልን እነሆ በየዓመቱ እንከራከራለን፤ ከተከራካሪዎቹም ብዙዎቹ ነገሩን በዓይናቸው አላዩትም። እኛ አይተነዋል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይሁን እንጂ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስለፈጀን ያየነውን ጽፎ መያዝ ልማዳችን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልን።

በ2021 ስድስት ልጆቻችን ድንኳኑን ለሦስት ሌሊት አውሱን ብለው አመለከቱ። እዚሁ አትላንታ የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው የመጡ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሲመጡ ስልካቸውን ይዘው ጥግ የሚቆሙ፣ ታውቋቸዋላችሁ። መሄጃቸው አላባማ ውስጥ ታላዴጋ የሚባል የእሽቅድድም ሜዳ ነበር። አንዲት እናታችን ተነሥተው «ሙት የተለቀሰበት ድንኳን ለዳንኪራ ሊወጣ ነው?» አሉ። ሌላው አባል ደግሞ አገር ቤት ዕድር ድንኳኑን ለሠርግም ያከራይ የለም ወይ ሲል መለሰ፤ እውነቱን ነው። የወላጆቹ ፍርሃት ግን ሌላ ነበር። የደቡብ ክፍለ አገሮች ባርነትን ለማቆየት ሲዋጉ የያዙት ባንዲራ በነዚህ ሜዳዎች ለብዙ ዘመን ሲውለበለብ ኖሯል። የእሽቅድድሙ ማኅበር ናስካር በጁን 2020 ከለከለው፤ በዚያው ወር ግን ታላዴጋ በር ላይ ባንዲራውን በመኪና እያውለበለቡ የተሰለፉ ነበሩ። እንግዲህ ጥቁር ልጅን እዚያ ሜዳ ላይ ማሳደር ለወላጅ ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች አብረው ይሂዱ፣ ሰው ከሞተ ድንኳኑ በዚያው ሌሊት ይመለስ ተብሎ ተወሰነ። ጡረታ የወጣ ሰው ሰበብ የለውምና እኛም ከሦስቱ አንዱ ሆንን።

መስቀል ሰኞ ውሎ ዓርብ ተነሣን። መንገዱ ወደ ምዕራብ 100 ማይል ያህል ነው። የአላባማን ወሰን ሲያልፉ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ሜዳው ላይ ስንደርስ የሰዉ ብዛት ጥምቀትን ያስታውሳል። አሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ገዝቶ ጣራው ላይ መቀመጫ የሠራበት አለ፤ ሶፋውን ከሳሎኑ ጭኖ የመጣ አለ፤ የየሹፌሩ ቁጥር የተጻፈበት ባንዲራ እንደ ዕጣን ጢስ በየድንኳኑ ላይ ቆሟል። ጢሱ ግን የአሳማ ጥብስ ነው። ቀኑ ዓርብ ስለነበር እኛ ሽሯችንን ጣድን። የዕድሩን ድንኳን ስንተክል ግዝፈቱን አይተው ምግብ ቤት የመሰላቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ዋጋ ጠየቁን።

ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። መኪናዎቹ ስቶክ ካር ይባላሉ፤ በመጀመሪያው ዘመን ከመሸጫ እንደወጡ የሚነዱ ተራ መኪናዎች ስለነበሩ ነው። ከቀደምቶቹ ሹፌሮች ብዙዎቹ በዚህ በደቡብ አገር ከፖሊስ እየሸሹ ካቲካላ የሚያመላልሱ ጎበዞች ነበሩ፤ ናስካር በ1948 ሲቋቋም ይህ ሁሉ በደንብ ተያዘ። ዛሬ ፎርድ፣ ሸቭሮሌ፣ ቶዮታ ቢባሉም መልካቸው ብቻ ነው። የፊት መብራታቸው የተለጠፈ ሥዕል ነው፤ የሚከፈት በር የላቸውም፤ ሹፌሩ በመስኮት ነው የሚገባው። ታላዴጋ በ1969 የተሠራ፣ ዙሪያው 2.66 ማይል የሆነ ሜዳ ነው፤ ጠቅላላው ውድድር 188 ዙር፣ ማለት 500 ማይል ነው። ኩርባው ላይ አስፋልቱ በ33 ዲግሪ ተጋድሟል፤ ከታች ቆሞ ሲያዩት ግድግዳ ነው እንጂ መንገድ አይመስልም።

በ1987 ቢል ኤሊዮት የሚባል ሹፌር እዚህ በሰዓት 212.809 ማይል ነዳ። በዚያው ዓመት የቦቢ አሊሰን መኪና ተነሥታ የተመልካቹን አጥር ቀደደችና ሰዎች ቆሰሉ። ስለዚህ ከ1988 ጀምሮ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር እንዲቀነስ ተደረገ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለሚሄዱ አርባ መኪና እንደ ንብ ተያይዞ ይዞራል፤ አንዱ ሲሳሳት ሃያው ይጋጫል። ጎርፍ ሲሻገሩ ጉልበተኛው ከፊት ሆኖ ውኃውን ሲሰብር ከኋላ ያለው እንደሚቀለው ሁሉ፣ እዚህም የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኛው ይጠጋዋል። ልጆቹ የጆሮ መወተፊያ ሰጡን፤ ያለዚያ ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ሁለት አነስተኛ ውድድሮች አየን፣ አንዱ የፒክአፕ ነበር።

የዕድር ሰዎች ስለሆንን ስለ ሟቾቻቸው ጠየቅን። ዴል ኧርንሃርት፣ እዚሁ ታላዴጋ ላይ አሥር ጊዜ ያሸነፈው፣ በ2001 በፍሎሪዳ ዴይቶና በመጨረሻው ዙር ላይ ግድግዳ መትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት አንገትንና ራስን የሚይዝ ማሰሪያ ለሁሉም ግዴታ ሆነ፤ ቆይቶም ግድግዳዎቹ ግጭትን እንዲያበርዱ ተደረጉ። ከዚያ ወዲህ በከፍተኛው ውድድር ላይ የሞተ ሹፌር የለም።

እሑድ ዘነበ። ጎማቸው ልሙጥ ስለሆነ በዝናብ አይነዱም፤ ውድድሩ ለሰኞ ተዛወረ። የድንኳኑ መመለሻ እሑድ ማታ ነበርና ለዳኛችን ደወልን። «ሰው ሞቷል ወይ?» አልናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም የለም፤ ቆዩ» አሉን። በዚያች ሌሊት የጎረቤቶቻችን ትንንሽ ድንኳኖች ውኃ ገባባቸው፤ ተጠልለው ወደኛ መጡ። ከነሱ አንዱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ታጣፊ ወንበር ይዘው ገቡ፤ በአንዱ ተቀመጡ፣ ሁለተኛውን ከጎናቸው ዘረጉት፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ሚስታቸው ባለፈው ክረምት ሞተው ኖሯል፤ ሠላሳ ዓመት አብረው እዚህ ሜዳ መጥተዋል። ቡና እየጠጡ ይህ ድንኳን የምንድነው ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው ከልጆቹ አንዱ ነው። ሰው ሲሞትብን ይህን እንተክላለን፣ እናቶች ያበስላሉ፣ ወንዶች ያድራሉ፣ ሦስት ቀን ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንም አላቸው። እኛ እንግሊዝኛችን ቀጭን ቢሆንም ይህን ሰማን። ያ ልጅ ለቅሶ ላይ ጥግ ሲቆም የማያይ ይመስለን ነበር፤ ለካ ሁሉን አይቷል። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ከቀብር በተመለስኩ ማታ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑና እኔ ብቻ ነበርን» አሉ። ቀጥለውም ወርኃዊ መዋጮው ስንት ነው አሉን።

ሰኞ ብዙ ሰው ወደ ሥራው ሄዶ ሜዳው ሳስቶ ነበር። ውድድሩ 117ኛው ዙር ላይ ሲደርስ እንደገና ዘነበ። በዚያ ሰዓት መሪ የነበረው ባለ 23 ቁጥሩ ቡባ ዋላስ ነው፤ እዚሁ አላባማ፣ ሞቢል ከተማ የተወለደ ጥቁር ወጣት፤ መሪነቱን ከያዘ አምስት ዙር ብቻ ሆኖት ነበር። መድረቂያ መኪናዎቹ ወጡ፣ ዝናቡ አላቆመም፣ ሜዳው ደግሞ የሌሊት መብራት የለውም። በመጨረሻ አሸናፊው እሱ ነው ተባለ። ልጆቻችን አጥሩን ይዘው ሲጮኹ ሽማግሌው አብረዋቸው ይጮኹ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ዌንዴል ስኮትን ማወቅ ያሻል። የቨርጂኒያ ሰው ነው፤ መኪናውን ከልጆቹ ጋር በገዛ እጁ የሚጠግን። በዲሴምበር 1963 በጃክሰንቪል አሸነፈ፤ ዳኞቹ ግን ሌላ ሰው አሸነፈ ብለው ዋንጫውን ለነጩ ሰጡ። ሰው ከተበተነ በኋላ አሸናፊነቱን አመኑለት፤ ዋንጫው ግን ሄዷል። በ1973 እዚሁ ታላዴጋ በትልቅ ግጭት ተሰባብሮ የእሽቅድድም ኑሮው አበቃ፤ በ1990 ሞተ። ለቤተሰቡ ዋንጫ የተሰጠው በኦገስት 2021 ነው፤ እኛ ድንኳን ከመትከላችን አምስት ሳምንት ያህል በፊት ማለት ነው። ከሱ በኋላ በከፍተኛው ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋላስ ሆነ።

የሽማግሌውን አባልነት ጉዳይ ያኔ ለጉባኤው አቅርበን በርቀት ምክንያት እንዳልጸደቀ ታስታውሳላችሁ፤ እኛ ውሳኔው ትክክል ነው ብለን እስከ ዛሬ አላመንንም። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት ከአባሎቻችን አንዱ ባረፉ ጊዜ ልጆቹ ነግረዋቸው ሁለት ሰዓት ነድተው መጡ፣ ወንበራቸውንም ይዘው ነበር። ንፍሮውን ይህ ምንድነው እያሉ ጨረሱት። ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው ስድስት ልጆች ናቸው፤ ዛሬም ጡሩምባ ሳይነፋ በስልክ ተጠራርተው ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ ምሰሶውን የሚያቆሙት ታላዴጋ በተለማመዱት መንገድ ነው።

ለሚመጣው ውድድር ማመልከቻቸው በጸሐፊው እጅ ነው። የ2021ዱን ርክክብ መዝገባችን እንዲህ ይላል፦ ድንኳን አንድ፣ ምሰሶ ሙሉ፣ ገመድ ሙሉ፣ ካስማ 24 ወጥቶ 23 ተመልሷል፤ የጎደለው አንድ ካስማ ከልጆቹ መዋጮ ተገዝቶ ገቢ ሆኗል።