ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ

(በማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የላቫጆ ቡድን አባላት ያቀረቡት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «መኪና ማጠባቸውስ ይሁን፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ መኪና ላይ ክንፍ የሚለጥፉት ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠየቁን። አዳራሹ ሳቀ፣ እኛም አብረን ሳቅን። መልሱን ግን በዚያ ቀን በወጉ አልመለስንም። የተበደርነው ከእናንተ ቁጠባ ነውና ዛሬ ከመነሻው እንነግራችኋለን፤ ያጠፋነውንም አንደብቅም።

ክንፍ የተባለው ስፖይለር ነው። ከመኪናው ጣሪያ ጫፍ ላይ፣ ከኋላ መስታወቱ በላይ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ከንፈር በሉት። እንደ ቪትዝ ኋላቸው ቆረጥ ያለ መኪናዎች ያምርባቸዋል። አንዳንዱ በብሎን ይታሰራል፤ ለዚያ ግን ጣሪያውን መብሳት ያስፈልጋል፣ የተበሳ ቆርቆሮ ደግሞ በእኛ አገር ጉምና ዝናብ ከዝገት አያመልጥም። ሌላው ደብል ቴፕ በምንለው በባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ይለጠፋል። የእኛ ሥራ ይህ ሁለተኛው ነው። ድሪል አይፈልግም፣ ጋራዥ አይፈልግም፤ ንጹህ እጅና ትዕግሥት ካለን ይበቃናል ብለን ነው የገባንበት። እጃችን ንጹህ ነበር። ትዕግሥቱን በኋላ ነው የተማርነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለው፣ እውነቱን እንናገር፦ እኛ ዘንድ ለውበት ነው። ነገሩ የመጣው ከእሽቅድምድም መኪና ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ሚካኤል ማይ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የጀርመን የመወዳደሪያ መንገድ ላይ ፖርሼ መኪናው ላይ ትልቅ ክንፍ ተክሎ ቀረበ፤ አዘጋጆቹም እንዳይወዳደርበት ከለከሉት። በ1972 እ.ኤ.አ. ያው የፖርሼ ኩባንያ የዳክዬ ጭራ የተባለ ከንፈር ያለው መኪና ለገበያ አወጣ። በብዙ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ኋላው በአየር እንዳይነሳ ይረዳል። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማበር በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ለሚወጣ ቪትዝ ግን ምንም አይፈይድለትም። ለሚጠይቀን ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ እንነግረዋለን፤ እስካሁን በዚህ ምክንያት ሐሳቡን የለወጠ አላየንም። ነጠላውን በጥለት የሚያሳምር ሕዝብ መኪናውን ማሳመሩ ምን ይገርማል?

ስድስት ሆነን ላቫጆውን ስንከፍት ስፖይለር የሚባል ነገር በሐሳባችንም አልነበረም። ከተማችን የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ጭቃና ጉም ለብሶ ይደርስልናል። ሰው ወርዶ ምሳውን ይበላል፣ ቆሎ ይገዛል። እናቶቻችን በዚያ ቆሎ ነው ያሳደጉን። እኛም ሰውየው ቆሎ እስኪገዛ መኪናውን እናጥባለን አልን። ከዚያ ማጠቡ ላይ ፖሊሽ ጨመርን። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ከሶማሌ ተራ የገዛውን ስፖይለር ከነካርቶኑ አውጥቶ፣ «ይህችንስ አትለጥፉልኝም?» አለን። ለጠፍንለት፤ ያዘለት። የከፈለን ገንዘብ የአራት መኪና እጥበት ያህል ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን?

ባለፈው ሐምሌ የሆነውን እነሆ።

ዕለቱ ጉም የወረደበት ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አንድ ወንድማችን መኪናውን አቁሞ፣ «ምሳዬን እስክበላ አጥባችሁ፣ ስፖይለሩን ለጥፋችሁ ጠብቁኝ» አለን። አጠብን። እንዲያምርለት ብለን ጣሪያውን በፖሊሽ አሸን፤ መስታወት አስመሰልነው። ቴፑን ላጥን፣ ስፖይለሩን አስቀመጥን፣ በመዳፋችን ተጫንነው። ጥብቅ ብሎ ታየን። አንዷ ጎትታ ሞከረችው፤ አልነቃነቅ አለ። ሰውየው ደስ ብሎት ሸኘነው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ስፖይለሩ ከአርማኒያ በታች፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ተነስቶ ሄዷል። ከኋላ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ይከተል ነበር። ፕላስቲኩ ከፊቱ አስፋልት ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ ልጁ ወደ ዳር አጥፎ፣ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቱ መላጥ በቀር አልተጎዳም። በዚያ መንገድ ዳር ደግሞ ፍራፍሬ ዘርግተው የሚቀመጡ ሴቶች አሉ፤ እንደ እናቶቻችን ያሉ። ያን ሌሊት ከስድስታችን ማን እንደተኛች እንጃ።

የስፖይለሩን ዋጋ ለባለመኪናው መለስን፤ ልጁንም ሄደን አይተን ሱሪውንና ሕክምናውን ከፈልን። የሦስት ሳምንት ገቢያችን ነበር። በሒሳብ መዝገባችን ላይ «ልዩ ወጪ» ተብሎ ያያችሁት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቴፑን ረገምን፤ የሸጠልንን ሰው ጠረጠርን። በኋላ አንዲት አባላችን ልጇን ይዛ የቴፕ አምራቾችን መመሪያ በስልኳ ማንበብ ጀመረች። ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚህ ዓይነት ቴፕ ያወጣውን ስንሰማ አንገታችንን ደፋን። ሲለጠፍ የሚስማማው ሙቀት ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫው ይጠነክርና አይሰምጥም። ሙጫ እንደ ሊጥ ነው፤ ወዲያው አይነሳም። በክፍል ሙቀት በ20 ደቂቃ ግማሽ ያህል ይይዛል፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ የሚይዘው በ72 ሰዓት ነው። እኛ የሰጠነው ምሳ መብያ ያህል ነበር፣ ያውም ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በሐምሌ ጉም።

ፖሊሹ ደግሞ የባሰ ነው። ፖሊሽ ውስጥ ሰም አለ፤ ሰም ላይ ደግሞ ምንም አይለጠፍም። የምንኮራበት ማብረቅረቅ ነበር ቴፑን የከለከለው። አጥበን፣ አስውበን፣ በገዛ እጃችን አላቅቀን ሸኘነው ማለት ነው።

ጎትተን ስንሞክረው አልነቃነቅ ያለው ለምን ነው? የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ዝም ያለ ስፖይለር በ80 አራት እጥፍ ይጎተታል። በዚያ ላይ መንገዱ ራሱ አለ፤ ከእኛ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከ1,200 ሜትር በላይ ወርዷል፣ ከብርድ ወደ ቆላ ፀሐይ ገብቷል። ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል ይበልጥ ይለጠጣል። አንድ ሜትር ከምናምን የሆነ ስፖይለር እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ግን ያለበት ነው። በደንብ የያዘ ቴፕ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ይህን ይችለዋል፤ ያልያዘ ይላቀቃል። ፈጥኖ የሚደርቀውን ሱፐር ግሉ ተጠቀሙ ያሉን ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቀለምም ይበላል።

አሁን አሠራራችን ሌላ ነው። ፖሊሽ የተባለ ወደዚያ መኪና አይቀርብም። መጀመሪያ በማግኔት ጣሪያውን እናያለን፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ አለ ማለት ነው፣ ስቱኮና አዲስ ቀለም ያለበት ላይ አንለጥፍም፤ ቴፑ ቢይዝ እንኳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከዚያ አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅለን፣ በንጹህ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠርገን፣ ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ እናደርቃለን። ስፖይለሩን ቴፑን ሳንልጥ አስቀምጠን፣ የፍሬን መብራቱንና ውሃ መርጫውን አለመሸፈኑን አይተን፣ ቦታውን በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ምልክት እናደርጋለን። ድሮ የጸጉር ሥራ ትሠራ የነበረችው እህታችን የጸጉር ማድረቂያዋን አምጥታለች፤ ቆርቆሮውንም ቴፑንም ለብ ታደርጋለች። ልጣጩን ከጫፍና ከጫፍ ትንሽ አጥፈን ወደ ውጭ እናወጣለን፤ ስፖይለሩ ቦታውን ሲይዝ ቀስ እያልን እንስባለን። ቴፑን በጣት መንካት የለም፤ የእጅ ወዝ እንደ ሰም ነው። ከመሐል ወደ ጫፍ አጥብቀን እንጫናለን። መኪናው ጣሪያ ያለው ግቢያችን ውስጥ ያድራል።

ለሦስት ቀንም አትጠቡት እንላለን። ላቫጆ ያላት ሴት ደንበኛዋን መኪናህን አትጠብ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የዛሬው ንግግራችን ዋና ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። የሚያድር መኪና ስንት ነው? ደንበኞቻችን አላፊ አግዳሚ ናቸው፤ ለምሳ ይቆማሉ እንጂ አያድሩም። በዚህ ምክንያት የስፖይለሩ ገቢ ከግማሽ በታች ወርዷል። በመካከላችንም ክርክር ነበር፤ አሁንም አለ። አንዷ፣ «ክረምቱን እንተው፣ በበጋ ግን ለመንገደኛው እንለጥፍለት፤ ቀስ ብለህ ንዳ እንበለው» አለች። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ አልፈረድንባትም። ግን ቀስ ብለህ ንዳ የተባለ ሾፌር ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አምስት ለአንድ ሆነን፣ ለማያድር መኪና አንለጥፍም ብለን ወሰንን። እሷም ውሳኔውን ተቀብላ አብራን እየሠራች ነው፤ ልቧ ግን አልተስማማም፣ ይህንንም በፊቷ ነው የምንናገረው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው፣ የብድራችን መክፈያ ሦስት ወር እንዲራዘምልን ነው። ይህን የምንለው ሥራ ስላነሰን አይደለም፤ እጥበቱ አለ። ሆኖም በመጀመሪያው ዕቅዳችን ያሰብነው ገቢ በጥድፊያ የሚለጠፈውንም ቆጥሮ ነበር። ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ ግቢያችን ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም፣ ጉሙ እንደ ልቡ ይገባል። ሦስት ጎኑን በቆርቆሮ ብንዘጋው ሌሊት የሚያድረው መኪና አይበርደውም። የቆርቆሮውን ግምት ለጸሐፊዋ ሰጥተናል፤ ጉልበቱ ከእኛ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የለጠፍንላት አንዲት ነጭ ቪትዝ ግቢያችን ውስጥ አለች። ባለቤቷ የከተማችን መምህር ነው፣ እስከ ሐሙስ አይፈልጋትም። ማየት የምትፈልጉ፣ በተለይ ክንፍ ያሉት እናታችን፣ ከስብሰባው በኋላ አብረን እንሂድ። መንካት ግን እስከ ሐሙስ አይቻልም።